ቤት ፈልጌ ዘመድ ተጠየቅሁ

ሰው በገዛ አገሩ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሄዶ ቤት ለመከራየት ምን ያስፈልገዋል? ሕገ መንግሥቱን የጠየቀ እንደሆነ መልሱ አጭር ነው፤ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነጻነት እንዳለው ደንግጎ ያልፋል። ደላላን የጠየቀ እንደሆነ መልሱ ከዚያም ያጥራል፤ ገንዘብ። እኔ ግን በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች በድምሩ አሥራ አንድ ወር ተከራይቼ ስኖር ያገኘሁት መልስ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ሰው ያስፈልገዋል። ሰው ስል የሚያውቀው፣ ስልክ ተደውሎ ሲጠየቅ «አዎ፣ የኛው ነው» የሚልለት ሰው ማለቴ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ። ሥራዬ ትርጉም ነው። መብራት፣ የኢንተርኔት መስመርና ጸጥታ ካገኘሁ የትም ብቀመጥ አሠሪዎቼ ግድ የላቸውም። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ሥራ ያላቸው ሰዎች ላፕቶፓቸውን አዝለው ከታይላንድ ፖርቱጋል፣ ከፖርቱጋል ሜክሲኮ እየዞሩ ርካሽና ምቹ ቤት የት እንዳለ ይጠቋቆማሉ። እኔ ምንዛሬውም ቪዛውም ስለሌለኝ፣ የአዲስ አበባ ኪራይ ከገቢዬ እኩሌታውን መውሰድ ሲጀምር ዞር ብዬ ያየሁት አገር ውስጥ ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። ቡታጅራ ደግሞ ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ከመዲናዪቱ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ትናንት በአንድ ዞን ሥር ነበሩ፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የሚባለው ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ግን ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነው ይኖራሉ። ወልቂጤ ሞቅ ያለች ናት፤ ቡታጅራ ነፋሻ። ለእንደ እኔ ዐይነቱ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ሁለቱም የሚመቹ ናቸው ብዬ ገመትኩ፤ በአየራቸው ረገድ አልተሳሳትኩም።

ወልቂጤ የደረስኩ ቀን አንድ ደላላ ተቀበለኝ። ወጣት ነው፤ ባጃጅ አሳፍሮ በአንድ ከሰዓት ስድስት ግቢ አዞረኝ። ቤቶቹ ክፉ አልነበሩም። አብዛኛዎቹ ብሎኬት፣ ኮርኒስ የተመታላቸው፣ ማድቤቱና መጸዳጃው ለጋራ የሆነ። ዋጋቸውም ከአዲስ አበባው ጋር ሲነጻጸር ያስደስታል። ነገር ግን በየበሩ የሚጠብቀኝ ምርመራ ነበር። የመጀመሪያዪቱ ባለቤት፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ትልቅ ሴት፣ ከእግር እስከ ራሴ አይተው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ባለትዳር ነህ?»

«አይደለሁም፣ እማማ።»

«ጫት ትቅማለህ?»

«አልቅምም።»

«እንግዳስ ይበዛብሃል?»

«የማውቀው ሰው የለኝም፤ ማን ይመጣብኛል ብለው ነው።»

ይህን ያልኩት የሚያስደስታቸው መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን ጠቆረ። «የየት አገር ሰው ነህ?» አሉኝ። አዲስ አበባ አልኳቸው። «አዲስ አበባማ ሁሉም ይኖራል። አባትህስ?»

ቤቱን አላገኘሁትም። ቀጣዮቹን ሁለትም እንዲሁ። ከሦስተኛው በኋላ ደላላው፣ ኮሚሽኑ እየራቀበት የሄደ ሰው ነውና፣ በቁጣ መከረኝ፤ «ወንድሜ፣ ማንም የለኝም አትበል። ሰው የሌለው ሰው ያስፈራል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ቸኩሎ የዘረኝነት ወሬ ልትጽፍ ነው እንዳይለኝ። እማማን አልቀየምኳቸውም። የጉራጌን ማኅበራዊ ሥሪት ጥቂት የሚያውቅ ሰው ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ ይረዳል። ሰባት ቤት ጉራጌ ሲባል «ቤት» ማለት ግድግዳና ጣሪያ አይደለም፤ ወገን ነው። ቸሃ ቤት ነው፣ እዣ ቤት ነው፣ እነሞር ቤት ነው። በጥንቱ መንደር ውስጥ ቤቶቹ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የሣር ጎዳና ግራና ቀኝ ተሰልፈው እርስ በርስ ይተያያሉ። በጀፎረው የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉም ያየዋል፤ የማን እንደሆነም ይታወቃል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቤት የሌለው ሰው ማለት ወገን የሌለው ሰው ነው። ስለዚህ የቤት አከራይዋ «አባትህስ?» ሲሉኝ በባንክ ቋንቋ ዋስትና መጠየቃቸው ነበር። ብገድል፣ ብሰርቅ፣ ሦስት ወር ሳልከፍል ብጠፋ ማንን ይያዙ?

የሚያሳዝነው ይህ አሮጌና ምክንያት ያለው ጥያቄ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ሌላ ልብስ መልበሱ ነው። አስተዳደሩ በብሔር ከተሸነሸነ፣ በቀበሌ መታወቂያ ላይም «ብሔር» የሚል መስመር ከተሰመረ በኋላ «የማን ነህ?» የሚለው ቃል ከአከራይ አፍ ሲወጣ ሰሚው የሚሰማው የአስተዳደሩን ድምፅ ነው። ደግሞም ያለ ምክንያት የሚፈራ የለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ወልቂጤ ውስጥ በጉራጌና በቀቤና ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፤ ንብረትም ጠፍቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዞኑ በክላስተር እንዲደራጅ የቀረበውን ሐሳብ የዞኑ ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ውድቅ ሲያደርግ፣ ከተማዪቱ ሱቋን ዘግታ ቤቷ በመቀመጥ ጥያቄዋን አሰምታለች። እንዲህ ያለ ዘመን ያየ አከራይ ግቢው ውስጥ የሚያስገባውን ሰው ቢመረምር ምን ይደንቃል?

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል የሚል ይኖራል። ሕግ አለን፤ ያውም አዲስ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ተመን ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። በክልሎች ውስጥ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚተገበር የመወሰኑን ሥልጣን ለክልሎቹ ሰጥቷል። መንፈሱን እደግፋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በየስድስት ወሩ «ወይ ጨምር ወይ ልቀቅ» እየተባሉ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ሰፈር ለሰፈር የተንከራተቱ ቤተሰቦችን አውቃለሁ።

ነገር ግን አዋጁ በዐይነ ኅሊናው የሣለው ተከራይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና ዕድሩ እዚያው ሰፈር ያለ። ለአምስት ወር መጥቶ የሚሄደውን አላሰበውም። ከዚህ የባሰም አለ። አከራዩ «ይህን ሰው ዛሬ ካስገባሁት ለሁለት ዓመት አላስወጣውም» ብሎ ካመነ፣ የሚያስገባውን ሰው ከቀድሞው በእጥፍ ይመርጣል። ሲመርጥ ደግሞ በምን ይመርጣል? የተከራይን ጠባይ የሚመዘግብ ተቋም የለንም፤ ያለን ዝምድና ነው። ስለዚህ ተከራይን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ፣ ወገን የሌለውን ተከራይ ከበሩ ላይ የሚመልስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወልቂጤ ያገኘሁት አንድ አከራይ፣ አዋጁን በሬዲዮ የሰሙ ጡረተኛ፣ በግልጽ ነግረውኛል፤ «ድሮ የማላውቀውን ሰው አስገብቼ ካልተስማማን በወሩ እሸኘው ነበር። አሁን ግን ወረቀት ያለው እንግዳ ከባለቤቱ ይበልጣል አሉ። ስለዚህ እንግዳ አላስገባም።» እሳቸው ከተማ ውስጥ አዋጁ ይተግበር አይተግበር አልተጨነቁም፤ ወሬው ራሱ በቅቷቸዋል።

ለነገሩ በቤት ጉዳይ መንግሥታችን ቸር ልሁን ባለ ቁጥር ጎን ለጎን ሌላ ነገር ሲያበላሽ የመጀመሪያው አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለዝቅተኛ ተከራዮች ኪራዩን እስከ እኩሌታ ቀንሶላቸዋል። ደስታው እውነተኛ ነበር። ግለሰብ ቤት ሠርቶ ማከራየት ሲከለከል ግን ለኪራይ የሚሠራ ቤት ቆመ፤ አዲስ መጤ የሚገባበት በር ጠፋ። ያኔ ጎጆ ያልያዘ ሰው ከዘመድ ጋር ደባል ከመሆን ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ያንጊዜም መጠጊያው ዘመድ ነበር ማለት ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከዐሥራ ሁለት ቀን የአልጋ ኪራይ በኋላ አዲስ አበባ ላለ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወልኩ። አባቱ የእዣ ሰው ናቸው። እሱ አክስቱ ጋ ደወለ፤ አክስቱ ለባላቸው ወንድም ነገሩ። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ፣ ደላላው ጭራሽ የማያውቀው ቤት ቁልፍ በእጄ ገባ። በወር 5,000 ብር፤ ሁለት ሰፋፊ ክፍል፣ የራሱ ማድቤት፣ የራሱ ቆጣሪ፣ ጣሪያው ላይ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ። ማንም አባቴን አልጠየቀኝም። ውልም አልጻፍንም።

ቤቱ ከሁለቱ ከተሞች አንድ የሚያስደንቅ ነገር የገለጠልኝ ነው። ባለቤቱ መርካቶ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ቪላውን የሠሩት ለመኖር አይደለም፤ ለማከራየትም አይደለም። ለመስቀል ሲመጡ የሚያርፉበት ነው። ሳሎኑ ተቆልፏል፤ ሶፋው ከነፕላስቲኩ ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ግቢውን የሚጠብቁት አንድ አባባ ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ እንዲህ ያሉ፣ መጋረጃቸው የማይገለጥ አምስት ቤቶች ቆጥሬያለሁ፤ ቡታጅራም ሄጄ ለዐረፋ የሚከፈቱ ወንድሞቻቸውን አይቻለሁ። ከሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ከሌላ ክልል የመጡ ሦስት መምህራን በአንድ ክፍል ፍራሻቸውን ደርድረው ያድራሉ። ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ፣ የክልሉ ቢሮዎችም በየከተማው ከተበተኑ ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷል። ቤት ግን የለም አይባልም፤ ቤት አለ፣ ተቆልፏል።

ይህን ስል ባለቤቶቹን ለመክሰስ አይደለም። የጉራጌ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ማን ቤት አከራየው? በየበረንዳው አድሮ፣ ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ፣ በእቁብ ቆጥቦ ነው ሱቅ የከፈተው። አገር ቤት የሚሠራው ቪላ የዚያ ሁሉ ዓመት ተከራይነት ካሳ ነው። እዚያ ላይ እንግዳ አስገባ ማለት ቀላል አይደለም። የኔ አከራይ ኪራዩን የፈለጉት ለገንዘቡ እንዳልሆነ በኋላ ገባኝ፤ ሰው ያልገባበት ቤት ይሸታል፣ ምስጥ ይበላዋል ብለው ነው። ቤቱን የሰጡኝ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበር፤ በመስከረም ሁለት ሳምንት ወደ ሰርቪሱ እንድዞር።

ዞርኩ። መስከረም 10 ላይ ሦስት መኪና ሙሉ ቤተሰብ ገባ። ፕላስቲኩ ከሶፋው ተነሣ። ያለሁበት ክፍል ውስጥ ልጆች ሲሯሯጡ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የክትፎ ቅቤ ሲነጠር እያየሁ፣ ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ በጀሪካን የቀዳሁትን ውሃ አጠገቤ አድርጌ ሥራዬን ሠራሁ። በመስቀል ዕለት አከራዬ ራሳቸው መጥተው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ቆጮው፣ ክትፎው፣ አይቡ ቀርቧል። ለተሰበሰበው ዘመድ ሲያስተዋውቁኝ «ተከራያችን ነው» አላሉም። «የኛ ልጅ ነው፣ ቤቱን የሚያሞቅልን» አሉ። ደስ አለኝ፤ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ። እያጎረሱኝ ሳለ ግን ያቺ ነጠላቸውን ያጣፉ እማማ በር ላይ ያቆሙኝ እኔው፣ በስም፣ በመልክና በመታወቂያ ምንም ያልተለወጥኩት እኔው መሆኔ ከሐሳቤ አልወጣም። የተለወጠው አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ስለ ምቾት ካነሣሁ ስለ ውሃ ሳልናገር አላልፍም። ወልቂጤ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ከክፍሉ ስፋት በፊት ሮቶውን ይይ፤ የሚቻለው ከሆነም ቤቱን በበጋ ይጎብኝ። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ውሃ ጠፋብን ብለው ጀሪካናቸውን ይዘው አደባባይ በወጡ የከተማዪቱ ነዋሪዎች ላይ በተተኮሰ ጥይት ቢያንስ ሦስት ሰዎች መሞታቸውንና ሌሎች ብዙዎች መቁሰላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። እኔ ሻወር ስወስድ ከጣሪያው ላይ የሚወርደውን ድምፅ እየሰማሁ ይህ ጉዳይ ትዝ ይለኝ ነበር።

ቡታጅራ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ ከተማ እንግዳን ከወልቂጤ ቀድማ የለመደች ትመስላለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቡታጅራና በዙሪያዋ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል፤ ብዙ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ከዚያ መዝገብ ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ጽፈዋል። መጠይቅ ይዞ በር የሚያንኳኳ የአዲስ አበባ ልጅ እዚያ ብርቅ አይደለም። አከራዬ ሐጂ እንዲህ ሲሉ ቀለዱብኝ፤ «አንተ ደግሞ ምን ልትቆጥር መጣህ?»

ቀልዳቸው እንዳለ ሆኖ መጀመሪያ ያደረጉት ወልቂጤ መደወል ነው። ከመርካቶው ነጋዴ ጋር አይተዋወቁም፤ ግን በሁለተኛው ስልክ የጋራ ሰው አገኙ። ከዚያ የዲጂታል መታወቂያዬን ሳሳያቸው ገልበጥ አድርገው አይተው መለሱልኝ። ፋይዳ ላይ ብሔር የሚል የለም፤ ሃይማኖትም የለም። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ካስገኛቸው ነገሮች ሁሉ ይህን እወድለታለሁ። ሐጂ ግን፣ «ይህ ስምህን ይነግረኛል። ስምህንማ አንተም ነገርከኝ» አሉ። ቀበሌውም ቢሆን ከእሳቸው ብዙ አይለይም፤ ነዋሪ ሆኜ ልመዝገብ ስል ከቀድሞው ቀበሌዬ መሸኛ እንዳመጣ ተጠየቅሁ። መሸኛ ማለት የመንግሥት «የኛ ልጅ ነው» ነው።

ሐጂን ጨካኝ አድርጌ እንዳልሥላቸው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመስቃንና በማረቆ መካከል በተደጋጋሚ የተቀሰቀሰው ግጭት ስንቱን ቤተሰብ አፈናቅሏል። ሐጂ ራሳቸው ከዚያ የሸሹ ሁለት ቤተሰቦችን በነጻ አስጠግተው እንደነበር ጎረቤቶቻቸው አጫውተውኛል። የማያውቁትን የተቸገረ ሰው በነጻ ያስጠልላሉ፤ የማያውቁትን ገንዘብ ያለው ሰው ግን አያከራዩም። መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ስጠይቃቸው፣ «የተቸገረው የአላህ እንግዳ ነው። አንተ የማን እንግዳ ነህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቼ ይህን አንብባችሁ በአገራችሁ ኋላ ቀርነት እንዳታዝኑ። ዋሺንግተን የገባ አዲስ ስደተኛ በኪሱ ዶላር ይዞም «የክሬዲት ታሪክህን አምጣ» ይባላል፤ ታሪኩ እስኪጻፍ ድረስ በአክስቱ ልጅ ስም ይከራያል፣ ወይም ምድር ቤት ይጠጋል። ልዩነቱ እዚያ ዋስትናው ቁጥር ሆኖ በኩባንያ መዝገብ መቀመጡ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ሂሳቡን በጊዜው በመክፈል ከዓመት በኋላ ሊገነባ ይችላል። ቡታጅራ ያለው መዝገብ ግን ሐጂ ራስ ውስጥ ነው። ወላይታ ወይም ጎጃም ተወልዶ ዘንድሮ ቡታጅራ የተመደበ ነርስ ኪራዩን አምስት ዓመት በትክክል ቢከፍል፣ ይህ ታማኝነቱ ስድስተኛው ዓመት ላይ ሌላ ከተማ ተከትሎት አይሄድም። ውሉ እንደ አዋጁ ቢመዘገብና ተከራዩ የተመሰከረለትን ወረቀት ይዞ ቢሄድ፣ መንግሥት ለተጓዡ ከሚያደርግለት ሁሉ ይህ በቀለለ ነበር። በአሁኑ አያያዝ ግን መዝገቡን አከራዩ የሚያየው የግብር ወጥመድ አድርጎ ነው፤ የወረቀቱ ኪራይ አንድ፣ የእጁ ኪራይ ሌላ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ቡታጅራን ከለቀቅሁ አራት ወር ሆኖኛል። በቀደም ሐጂ ደወሉልኝ። ከጤናና ከዝናም ጥያቄ በኋላ የነበርኩበትን ክፍል አንድ ልጅ ሊከራየው እንደፈለገ፣ በሙያው የላቦራቶሪ ባለሙያ እንደሆነ፣ ዋስ ሲጠየቅም የኔን ስም እንደጠራ ነገሩኝ። አስታወስኩት። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ አብረን ተቀምጠናል፤ የአባቱን ስም እንኳ አላውቅም።

«ታውቀዋለህ?» አሉኝ ሐጂ።

«አውቀዋለሁ» አልኳቸው። «የኛው ልጅ ነው።»